የአባቴ ፋይል፣ የእናቴ ሸክላ

እናቴ ከቤት ስትወጣ መብራት ታጠፋለች። የማን እናት አታጠፋም ትሉኝ ይሆናል። የእኔዋ ግን ከአምፖሉ ጋር ጉዳይ የላትም፤ በሩ አጠገብ ያለችውን ሳጥን ከፍታ ዋናውን ብሬከር ነው የምታወርደው። ቤር ሼቫ ሽኩና ጊሜል፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኖርንባቸው ዓመታት በዚህ ልማዷ የተበላሸውን ወተትና የቀለጠውን ሥጋ እግዜር ይቁጠረው። ወለቃ ሳለች ምድጃዋን አመድ ሳታለብስ ከደጇ ርቃ አታውቅም። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች መንደር ጎጆው ተጠጋግቶ ነው የሚሠራው፤ አንድ ብልጭታ ከተነሳ ሰፈሩን ይዞ ይሄዳል። ኤሌክትሪክንም ግድግዳ ውስጥ እንደተዳፈነ ፍም ነው የምታየው። ይህን የምነግራችሁ እናቴን ልከሳት ብዬ አይደለም። እንዲያውም ላመሰግናት ነው፣ ወደዚያው እመለሳለሁ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዓመት፣ የእኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል ስግድ የዋለው ኅዳር 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፤ እዚህ እስራኤል በሚቆጠረው ኖቬምበር 14 ቀን 2012፣ ረቡዕ። ሌሊት ከቤር ሼቫ በአውቶቡስ ተነስተን ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ ወጣን። ቄሶቹ በየቀለሙ ጥላቸው ሥር ቆመው በግዕዝ ሲያነቡና በአማርኛ ሲመልሱት፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ጾሟን እንደያዘች ከጎኔ ታጉረመርማለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስግድ በመጣ ቁጥር የምታጉረመርመው ለእርሱ ይመስለኛል፤ ጠይቄያት አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ጾሙ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ዳቦውን እየቆረሰ ሳለ ስልኮች በየኪሱ መጮህ ጀመሩ። ጋዛ ላይ ዘመቻ ተከፍቷል። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ የዘፈነ ሰው አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ቤር ሼቫ ላይ ሲሪኑ ጮኸ፤ እኛ እንደ አገሬው አዛቃ ነው የምንለው።

አዛቃው ከጮኸ በኋላ በእኛ ከተማ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። ሮኬቶችን አየር ላይ የሚያመክነው ኪፓት ባርዜል ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለውም እዚሁ ቤር ሼቫ ነበር፣ በማርች 2011። ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወዲህ የተሠሩ ቤቶች የራሳቸው ማማድ፣ ማለትም የተጠናከረ መጠለያ ክፍል አላቸው። የእኛ ሕንፃ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ሁላችንም ወደ ምድር ቤቱ የጋራ መጠለያ፣ ወደ ሚክላት ነበር የምንወርደው። ሚክላቱ የረጠበ ሲሚንቶና የሻገተ ፍራሽ ይሸታል። ከላይ ደግሞ ከሞሮኮ የመጡት ጎረቤታችን እማማ ለሻባት የሚሠሩት ቅመም የበዛበት ዓሣ ሽታ በደረጃው ይወርዳል፣ ከእኛ ቤት ቡና ጋር ተደባልቆ። አሁን ድረስ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ጉልበቴ ደረጃ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ኮምፒዩተራችን ልምጣ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘግቶ ወንድሜ ቤት ውሏል፤ ሥራ የፈታ ወጣት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ያ አሮጌ ኮምፒዩተራችን ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር የሚሠራበት። ሲነሳ ያቃስታል፣ አንድ ገጽ እስኪከፍት ቡና ተወቅጦ ይፈላል። ወንድሜ ዊንዶውስ 7 የተቀዳበትን ዲስክ አምጥቶ አስገባ። ከኤክስፒ ወደ 7 ሲኬድ ፕሮግራሙ አሮጌውን እያሻሻለ አይደለም የሚሄደው፤ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ‹ዊንዶውስ ኦልድ› በሚባል ማኅደር ውስጥ ይከምርና አዲሱን ከሥር ይዘረጋል። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ መቶ ሳይሞላ አይነካም። ግማሹን አለፍ እንዳለ አዛቃው ጮኸ። ሁላችንም ወደ በሩ። እናቴ በመጨረሻ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ፣ ሳጥኗን ከፍታ፣ ብሬከሩን አወረደች።

ስንመለስ መብራቱን መልሰን ኮምፒዩተሩን ብናስነሳው ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል፤ የሚያስፈልገው ፋይል የለም ይላል። አጥፍቶ ማብራትም አልረዳ። እናቴ ወንድሜ ፊቱ መጥቆሩን አይታ ምን ሆናችሁ አለችና ስንነግራት፣ “የቆጡን አወርድ ብላችሁ የብብቱን ጣላችሁ!” ብላ ወደ ቡናዋ ተመለሰች። የብሬከሩን ነገር ያነሳባት የለም።

በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ የአባቴ ቃል ነበር። ከሠራዊት ወጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዘመን ማታ ማታ ከጽዳት ሥራው ሲመለስ ጋቢውን ደርቦ አጠገቤ ይቀመጥና ያስጽፈኝ ነበር። ሁልጊዜ የሚጀምረው “ይድረስ ለልጅ ልጆቼ” ብሎ ነው፤ ያን ጊዜ አንድም የልጅ ልጅ አልነበረውም። ድምፁ ሻካራ ነው፣ የሸማኔ ጉሮሮ ጥጥ ይበላዋል ይል ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ጮክ ብሎ “አራት ነጥብ አድርጊ!” ይለኛል፣ ያላደረግሁ ይመስል። እኔ ደግሞ በሁለት ጣት ነው የምጽፈው። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚሰጥ የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እርሱ ራሱ ስለሆነ ‘ኃ’ን በ‘ሀ’ ስቀይርበት ከስክሪኑ ላይ አንብቦ ይይዘኛል። ቅጂውን በዲስኬት አስቀምጠን ነበር። በ2012 ቤታችን ውስጥ ዲስኬት የሚያነብ ማሽን አልነበረም።

ወንድሜ “ዲስኩን ፎርማት አድርገን ከመጀመሪያ እንጀምር” ሲል አንጀቴ ተላወሰ። ያዳነን የሚቀጥለው አዛቃ ነው። ሚክላቱ ውስጥ ከላይ ፎቅ የተከራየ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፤ ሰፈራችን ለግቢው ቅርብ ስለሆነ ተማሪ አይጠፋበትም። ነገሩን ሰምቶ “ምንም እንዳትጽፉበት!” አለ፣ እንደ ሐኪም። ፋይል ከቦታው ቢነቀልም ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ዲስኩ ላይ ይቀመጣል፤ ፎርማት ብታደርጉና አዲስ ብትጭኑበት ግን ጨረሳችሁት ማለት ነው፣ አለን። ቀጥሎም መብራቱ ለምን እንደጠፋ ጠየቀ። እኔና ወንድሜ ተያየን። “ጦርነት ነው እኮ” አለው ወንድሜ።

ተማሪው ኡቡንቱ ያለበት ሲዲ ይዞ መጣ። የዚህ ጥቅሙ የኮምፒዩተሩን ዲስክ ሳይነካ ራሱ ከሲዲው ላይ መነሳቱ ነው። በአጭሩ፣ ማሽኑ ሲነሳ ከሲዲው እንዲጀምር አዘዘው፣ ያ ሐምራዊ ስክሪን መጣ፣ ዲስኩን ከፈተ፣ ‹ዊንዶውስ ኦልድ›ን አገኘ፤ ከዚያ ውስጥ የተጠቃሚዎቹ ማኅደር፣ ከዚያ ውስጥ የእኔ ስም፣ ከዚያ ውስጥ ‹አባ›። እናቴ የስግዱን ዳቦ ቆርሳ በግድ አጎረሰችው፤ በአማርኛ እየመረቀችው፣ እርሱም በዕብራይስጥ እያመሰገናት። ሁሉን ወደ ዲስክ-ኦን-ኪ፣ ወደ ፍላሽ ማለት ነው፣ ገለበጠው።

ፋይሉን ስከፍተው ግን አማርኛ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ላቲን፣ ያውም ባለ ቀንድና ባለ ጭራ ላቲን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበችና “አባትሽ በምን ቋንቋ ነው የሚናገረው?” አለችኝ።

ይህን የሚያውቀው በዚያ ዘመን አማርኛ የተየበ ሰው ነው። የዱሮው ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ያውም ሁሉም ክፍት አይደለም። የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ አይገባበትም። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበሩት አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊደሉን ለተለያዩ ፎንቶች አከፋፍለው በላቲኑ ቦታ አስቀመጡት። ውስጡ የተጻፈው ላቲን ነው፣ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ። ዩኒኮድ በ1999 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን 345 ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ ዊንዶውስ ቪስታም ኋላ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የእኛ ኮምፒዩተር ግን ከቪስታ በፊት የነበረ ነው።

ተማሪው አንድም ፊደል ሳያውቅ ነገሩ ቶሎ ገባው። ወደዚያው አሮጌ ክምር ተመልሶ የፎንቶቹን ማኅደር ከፈተ። አንደኛው ፎንት ደኅና ነበር። ሲጭነው ‘ሀ’ም መጣ፣ ‘ለ’ም መጣ፣ “ይድረስ ለልጅ ልጆቼ” ብሎ አባዬ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። ሁለተኛው ፎንት ግን ስሙ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ባዶ ሆኗል። ከ‘ጠ’ ጀምሮ ያሉትን፣ ‘ጨ’ን፣ ‘ጸ’ን፣ ‘ፈ’ን የያዘው እርሱ ነበር። እነዚያ በላቲንነታቸው ቀሩ።

ነገሩ የጣፈጠው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከአንዱ አዛቃ እስከ ሌላው ባለው ጊዜ እኔ አነባለሁ፣ ጎዶሎው ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ፣ እናቴ ትሞላለች። ለካ ማታ ማታ ሲያስጽፈኝ ከጓዳ ሆና ሁሉን ትሰማ ኖሯል! የእርሱን ድምፅ አስመስላ፣ አንገቷን እንደርሱ ሰበር አድርጋ፣ “አራት ነጥብ አድርጊ!”ን እንኳ ሳትረሳ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም እንቀድመዋለን። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የወጣበት ነው። አባቴ ስለ መንግሥቱ መሸሽና ስለ ከተማው ጭንቀት ነው ያስጻፈው። እኔ የማስታውሰው ግንባሬ ላይ የለጠፉብኝን ቁጥር ነው፤ ማጣበቂያው ላብ ላብ እያለ ቅንድቤ ላይ ሲወርድ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ቅቤና ጭስ እየሸተተኝ። እናቴ ደግሞ የምታስታውሰው ጫማዬ አንዱ መጥፋቱን ነው።

ወደ ኋላ ተመልሰን ከጎንደር የተነሳንበት ገጽ ላይ ጠብ ተነሳ። አባቴ እንዲህ ብሏል፦ “ያለንን ሸ… ለአውቶቡሱ ከ…ልን።” ሁለተኛው ቃል “ከፈልን” መሆኑ አያጠራጥርም። የመጀመሪያውን እኔ “ሸጬ” ብዬ አነበብኩት።

“ሸጣ ነው!” አለች እናቴ።

“እማዬ፣ አባዬ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።”

“እርሱ ምን ነበረውና ይሸጣል? ሸጣ በይ! የሸጥኩት እኔ ነኝ።”

ተማሪው ጠቡ ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ተረጎምንለት፣ ዓይኑ በራ። የላቲኑ ምልክት ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ነው፤ ‘ጣ’ በእርግጥ ያለበት ሌላ ቃል ፈልጉልኝ አለ። ጣና! አውቶቡሱ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ አባዬ ሐይቁን ያወሳዋል። ምልክቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አይገጥሙም። የአባቴ ቃል “ሸጬ” ነው።

እናቴ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። “እንግዲያው ያን ለት ቡና ሳፈላ አልሰማሁት ይሆናል። ብሰማ ዝም አልለውም ነበር” አለች። ከዚያ ተቀመጠች፣ ከወለቃ መንገድ ዳር ጀምራ አወራች። ቱሪስት ይመጣ በነበረበት ዘመን ለፈረንጅ የሸጠቻቸውን የሸክላ አንበሶችና ኦሪት የያዙ ትናንሽ ቄሶች፣ ለጎንደር ሰው የሸጠችውን ጀበናና ምጣድ፣ በየጊዜው ያጠራቀመችውን ብር ጤፍ ካለበት እንስራ ሥር መደበቋን፣ አማቷ እንኳ አለማወቋን። ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር፣ ሲተኮስ ስንቱ እንደሚሰነጠቅ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪን ቡዳ የሚለው ጎረቤት ምጣድ ሲፈልግ ግን በማለዳ በር እንደሚያንኳኳ። አንዱም በአባቴ ፋይል ውስጥ የለም። ብሬከሯን ባታወርደው ኖሮ እኔም ያንን ፋይል ከፍቼ ጮክ ብዬ አላነብላትም ነበር።

ኖቬምበር 21 ማታ ተኩስ ቆመ። ወንድሜ ዊንዶውስ 7ን በሰላም ጭኖ ጨረሰ። እኔም በታደሰው ማሽን፣ በዩኒኮድ፣ ከአባዬ ቃል ሥር የእናቴን ጨመርኩ። ለማረጋገጥ ያህል ቂርያት ጋት ላለው አጎቴ ደወልኩና የዚያ አውቶቡስ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ጠየቅሁት።

“ምን ማለትሽ ነው?” አለ። “እኔ ነኛ የከፈልኩት! ሁለት በሬ ሸጬ!”

ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበርና እናቴ ሰማችው። ጀበናዋን አስቀመጠች።

“ጻፊው” አለችኝ፤ “በሬዎቹ ግን የማን እንደነበሩ አብረሽ ጻፊ።”