ነፃነት ዘግይታ የደረሰችባት ደሴት

ከቴክሳሷ ከተማ ከሂዩስተን አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዤ ረጅሙን ድልድይ ስሻገር ጋልቨስተን ደሴት ብቅ አለች። ዘንባባው፣ የድሮዎቹ የእንጨት ቤቶች፣ ከባሕሩ የሚነሣው ሞቃት ነፋስ ሁሉም ያምራል። እኔን የሳበኝ ግን በዓሏ ነው። ከአሜሪካ በዓላት ሁሉ አብልጬ የምወደው፣ የባሮችን ነፃ መውጣት የሚያከብረው ጁንቲንዝ የተወለደው እዚህ ነውና፣ ጁን 19ን በትውልድ ቦታው ላከብር መጣሁ።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች የነበሩ ባሮች ነፃ መሆናቸውን ያወጁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነበር። አዋጁ የሚሠራው ግን የሰሜኑ ጦር በደረሰበት ብቻ ነው። ቴክሳስ ሩቅ ነበረች፤ ባለ ባሪያዎቹም ከጦሩ እየሸሹ ባሮቻቸውን ወደዚያ ያጓጉዙ ነበር። የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ጁን 19 ቀን 1865 ጋልቨስተን ላይ የባሮቹን ነፃነት የሚገልጸውን ትእዛዝ ቁጥር 3ን ሲያሳውቁ፣ በቴክሳስ 250,000 ያህል ሰዎች ገና በባርነት ቀንበር ሥር ነበሩ። አዋጁ ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል።

ስትራንድ በተባለው መንገድ ላይ ይህን ታሪክ የሚተርክ ግዙፍ የግድግዳ ሥዕል አለ። ስሙ «ፍጹም እኩልነት» ነው፤ ቃሉ የተወሰደው ከዚያው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የቀድሞ ጌታና የቀድሞ ባሪያ በግል መብትም በንብረት መብትም ፍጹም እኩል መሆናቸውን ይናገራል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ነፃ የወጡት ካሉበት ሳይንቀሳቀሱ በደመወዝ እንዲሠሩ ይመክራል። ሁለቱን ባንድ ገጽ ሳነብ የአሜሪካ ፖለቲካ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ትልቁ ተስፋ ከነገደቡ ይሰጣል፤ ገደቡን የሚሰብሩት ተስፋውን አምነው የተቀበሉት ናቸው።

እነዚያ ሰዎች ማንንም አልጠበቁም። በዓመቱ በ1866 ቀኑን ማክበር ጀመሩ። ጸሎት፣ ዝማሬና ግብዣ ነበር፤ ድምፅ አሰጣጥንም እዚያው ይማማሩ ነበር። በሂዩስተን በ1872 ከባርነት የወጡ ሰዎች በቄስ ጃክ ዬትስ መሪነት ገንዘብ አዋጥተው ለበዓሉ 10 ኤከር መሬት ገዙ። ያ መሬት ዛሬም ኢማንሲፔሽን ፓርክ ተብሎ ሕዝብ ይሰበሰብበታል። በገዛ መሬቱ ላይ የገዛ ነፃነቱን የሚያከብር ሕዝብ ሳስብ ደረቴ በኩራት ይሞላል።

በጋልቨስተን የበዓሉ ሰልፍ መድረሻው ሪዲ ቻፕል ነው። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1848 ለባሮች አምልኮ የተመሠረተች ናት። በሙቀቱ መሐል አዛውንቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘው ሲዘምሩ አብሬያቸው ሄድኩ። ከዚያ የተጠበሰ ሥጋ፣ ሐብሐብና ቀይ መጠጥ ቀረበ። ቀዩ የአባቶችን ደም ያስታውሳል ይላሉ፤ እንግዳ ሳልባል ጠጣሁ።

ቴክሳስ ቀኑን የግዛቲቱ በዓል ያደረገችው በ1980 ነው። የፎርት ዎርዷ ወይዘሮ ኦፓል ሊ ደግሞ ለመላ አገሪቱ ፈለጉት። በ1939 በዚሁ ቀን፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ የነጮች መንጋ የወላጆቻቸውን ቤት አውድሞታል። እርሳቸው ግን ቂሙን ወደ ሥራ ለወጡት። በ2016፣ በ89 ዓመታቸው፣ በየከተማው ሁለት ማይል ተኩል እየተራመዱ ዘመቻ ጀመሩ፤ ርቀቱ የዘገዩትን ሁለት ዓመት ተኩል ያመለክታል። ጁን 17 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን ቀኑን የመላ አገሪቱ በዓል ያደረገውን ሕግ ሲፈርሙ ወይዘሮ ኦፓል አጠገባቸው ነበሩ።

መንግሥት ዘግይቶ ያጸደቀውን በዓል ሕዝቡ ከ150 ዓመት በላይ ጠብቆ አቆይቶታል። አሜሪካን እንድወዳት ያደረገኝ ይህ ጽናት ነው። ለጁላይ 4 የነፃነት ቀን ርችት የሚጓጓ መንገደኛ 15 ቀን ቀደም ብሎ ጋልቨስተን ይግባ እላለሁ። በ1776 በአገሪቱ የነፃነት መግለጫ የተጻፈውን የእኩልነት ቃል እውነት ለማድረግ ዋጋ የከፈሉትን ሰዎች ልጆች እዚያ ያገኛቸዋል።