ቃለ መሐላና የጎረቤት ጦር

በአገራችን የቆየ ልማድ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ቃሉን የሚጠራውም ባለሥልጣን መሆን የለበትም። ተከሳሹ አልቆምም ቢል ግን፣ ጎረቤት በሩን ገፍቶ የመግባት መብት አለውን? ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እንዳሰላስል ያደረገኝ የጋምቢያ ታሪክ ነው።

ጋምቢያውያን በዚያ ዘመን ድምፃቸውን የሚሰጡት በወረቀት ሳይሆን በርሜል ውስጥ በሚጥሉት ብይ ነበር። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገዙት ያህያ ጃሜ ዲሴምበር 1 ቀን 2016 በተደረገው ምርጫ በአዳማ ባሮ ተሸነፉ፤ ሽንፈታቸውንም በማግሥቱ አመኑ። ከሳምንት በኋላ ግን ቃላቸውን አጠፉ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች የኢኮኖሚ ማኅበር፣ ኤኮዋስ፣ አስቀድሞ ሽማግሌ ላከ፤ ሽምግልናው ባይሰምር ጦር አሰለፈ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ባሮ ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ማሉ፤ እርዳታም ጠየቁ። በዚያው ዕለት የጸጥታው ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያም አባል በነበረችበት ሸንጎ፣ ውሳኔ ቁጥር 2337ን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ጦሩ ወሰን ተሻገረ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጃሜ አገር ለቀው ሄዱ።

ውጤቱ ያማረ ነው። ያማረ ሁሉ ግን ሕጋዊ ነውን? የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 53 አካባቢያዊ ድርጅቶች ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ የማስገደድ እርምጃ እንዳይወስዱ ይከለክላል። ውሳኔ 2337 የኤኮዋስን ጥረት ሲደግፍ የፖለቲካውን መንገድ አስቀደመ እንጂ ኃይልን በግልጽ አልፈቀደም። እንግዲህ የዘመቻው ሕጋዊነት ያረፈው በአንድ ሰው ግብዣ ላይ ነው፤ ያውም አገሩን ገና ባልጨበጠ፣ በባዕድ ከተማ በማለ ሰው።

መሐላ ብቻውን ይህን ሸክም ይችላል ብዬ አላምንም። ይችላል ካልን፣ ነገ ማንም ተቀናቃኝ በጎረቤት አገር ምሎ ጦር ይጠራል። ለባሮ ግብዣ ክብደት የሰጠው ተሸናፊው ራሱ አንድ ጊዜ ያመነው የብይ ቆጠራ ነው። ከዚህም ሌላ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት፣ ጦሩ ሳይነቃነቅ፣ ከጃንዋሪ 19 ወዲያ ጃሜን እንደ ፕሬዚዳንት እንደማያውቃቸው አስታውቆ ነበር።

በጁላይ 2023 የኒጀር ፕሬዚዳንት በወታደሮች ተይዘው ሲወርዱ ያው ኤኮዋስ በጦር ዛተ፤ አልዘመተም። የኃይል ሚዛኑ ሲለወጥ የጎረቤት ቆራጥነት ይለወጣል። ስለዚህም ነው ፍርድ ሰጪውና በትር ያዢው አንድ ሰው መሆን የማይገባው፤ ሕዝብ የጣለውን ብይ የሚቆጥረው ዳኛ፣ ጦር ካሰለፈው ጎረቤት የተለየ ይሁን።