ሻለቃው ይዘውት የመጡት ቋንቋ

እስቲ አንድ ጊዜ ጓዳችሁን ቃኙት። ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ የሚጠይቋችሁ ኢንዶሚ መደርደሪያው ላይ መኖሩ አይቀርም። ስሙ የሁለት ቃላት ቅንጅት ነው፤ «ኢንዶ» ኢንዶኔዥያን፣ «ሚ» ደግሞ በአገሩ ቋንቋ ኑድልን ያመለክታል። ከጎኑ ሻይ ውስጥ ጣል የምታደርጉት ቅርንፉድ አለ፤ የዛፉ ጥንተ መገኛ ዛሬ የኢንዶኔዥያ ግዛት የሆኑት የማሉኩ ደሴቶች ናቸው። የጀበናው ቡና ግን በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዟል። ከእኛ ጫካ ተነስቶ በየመን በኩል አለፈና፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በሆላንዶች እጅ ጃቫ ደሴት ላይ ተተከለ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ዕቃ ሳይ የመጣበትን መንገድ መከታተል ይቀናኛል። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ዕቃ አይደለም። እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ አካባቢ ስለሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ሻለቃ ነው። አጎቴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ዳርፉር ላይ ከተዋወቁት ቋንቋ ጋር ዛሬም ድረስ አልተለያዩም።

የኢትዮጵያና የኢንዶኔዥያ ወታደሮች መተዋወቅ የጀመሩት በጋሼ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ባንዱንግ በተባለችው የኢንዶኔዥያ ከተማ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በኮንጎ የተሰማራውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1963 የመሩት የእኛው ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ሲሆኑ፣ በእርሳቸው ዕዝ ሥር ካገለገሉት መካከል «ጋሩዳ» የሚባለው የኢንዶኔዥያ ጦር ይገኝበታል። ሁለቱ አገሮች በዳርፉርም ተገናኝተዋል። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የጋራ የሰላም ማስከበር ተልዕኮ የነበረው ዩናሚድ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2020 መጨረሻ ሲቆይ፣ ሁለቱም ሰዎቻቸውን ልከዋል። ጋሼ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

የመጀመሪያውን ቃል የተማሩት በቡና ነው። አንድ ማታ ከጃቫ ለመጣ መኮንን ከአገር ቤት የተላከላቸውን ቡና አፍልተው ሰጡት። ሰውየው በቀኝ እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ተሪማ ካሲህ» አላቸው። ማመስገኑ ገብቷቸዋል፤ የቃሉን ፍቺ ግን ጠየቁት። «ተሪማ» መቀበል፣ «ካሲህ» ፍቅር ነው አላቸው። እኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል ብድራቱን ለፈጣሪ እናስተላልፋለን። እነርሱ ደግሞ ቡና ሲሰጣቸው ፍቅር መቀበላቸውን ይናገራሉ። ጋሼ ይህን ማታውኑ ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉት፤ በአማርኛ ፊደል።

ግዳጃቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ግን ስለዚያ ጊዜ የሰማነው ነገር አልነበረም። «ዳርፉር እንዴት ነበር?» ሲባሉ መልሳቸው «ደህና ነበር» ነው። ይኸው ነው። ወታደር ያለበት ቤት ያደጋችሁ ይህን «ደህና ነበር» ታውቁታላችሁ። ከኋላው ብዙ ነገር አለ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

ጋሼ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከካምፕ ካምፕ ሲዘዋወሩ ልጆች ያሳደጉትም፣ ቤቱን ያቆሙትም ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው ሲገቡ ልጆቹ ውጭ አገር ሄደው ነበር። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ፤ ሲከባበሩ የኖሩ፣ ነገር ግን አብረው የኖሩባቸው ዓመታት ተለይተው ከኖሩባቸው ያነሱ ባልና ሚስት። ምሳ ይቀርባል፣ ይበላል፣ ዜና ይታያል። ጨዋታ ግን የለም። እትዬ አንድ ቀን ለእናቴ «እንግዳ ያስተናገድኩ ነው የሚመስለኝ» እንዳሏት አውቃለሁ።

በዚህ መሀል ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው፣ ማንም የማይሰማው ቋንቋ ማነብነብ ጀመሩ። የጃቫው ወዳጃቸው በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ እርሳቸው ያዳምጣሉ፣ ይለማመዳሉ፣ ይመልሳሉ። በኢንተርኔት የሚገኙ የትምህርት ቪዲዮዎችንም ይከታተላሉ። አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ አባባ ብቻውን ማውራት ጀመረ እንዴ?» ብላ ተጨነቀች። ወንድሟ ደግሞ «መማሩስ ይማር፤ እንግሊዝኛውን ቢያሻሽል አይሻለውም?» አለ። እትዬ ምንም አላሉም። ባላቸው ጭራሽ የራቋቸው ግን መስሏቸው ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በአንድ ምሳ ሰዓት ነው። ጋሼ ከውጭ ገብተው፣ ሳያስቡት «ሱዳህ ማካን?» አሏቸው።

«ደግሞ እሱ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ።

«በልተሻል ወይ? ማለት ነው። እዚያ ሰላምታም ነው።»

«ታዲያ እርስዎን ማን ነበር እንዲህ የሚልዎት?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር። ጋሼ ተቀመጡና ስለ ወዳጃቸው ነገሯቸው። ከቅኝት ሲመለሱ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ከማለቱ በፊት የሚጠይቃቸው ይህን ነበር። መኪናቸው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ እኩለ ሌሊት የገቡ ዕለት እንኳ፣ ምግብ ሸፍኖ አስቀምጦ፣ ራሱም ሳይተኛ ጠብቆ «ሱዳህ ማካን?» አላቸው። ያን ሌሊት ምን ያህል ፈርተው እንደነበር ለሚስታቸው የተናገሩት፣ ከዓመታት በኋላ፣ ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘዴውን ያዙ። «ዳርፉር እንዴት ነበር?» አይሉም። «ዛሬስ ምን ቃል አለ?» ይላሉ። እያንዳንዱ ቃል የተማሩበት ቦታ፣ የተማሩበት ሰዓት፣ ያስተማራቸው ሰው አለውና ታሪኩ ተከትሎ ይመጣል። ጾም ማለት «ፑዋሳ» ነው ሲሉ፣ እርሳቸው ዓቢይ ጾምን ወዳጃቸው ረመዳንን ሲይዙ አንዱ ለሌላው ምግብ ያስቀምጥ እንደነበር ይተርካሉ። «ሪንዱ» ማለት ናፍቆት ነው ያሉ ዕለት ደግሞ እትዬ «ማንን?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ወደ በረንዳው ወጡ። እትዬ ግን ይህን ለእናቴ ሲነግሯት ይስቁ ነበር።

እሑድ እሑድ እነርሱ ቤት ስሄድ እኔም ተማሪ እሆናለሁ። ቋንቋው ከሩቅ እንደሚመስለው አያስፈራም። ግሱ እንደ እኛ «በላሁ፣ በላሽ፣ በላን» እያለ አይረባም፤ «ማካን» ለሁሉም «ማካን» ነው። ብዙ ቁጥር ሲፈልጉ ቃሉን ይደግሙታል፤ ልጅ «አናክ» ከሆነ ልጆች «አናክ-አናክ» ይሆናሉ። ይህ እንግዳ ከሆነባችሁ «ረጅም» ብለን «ረጃጅም»፣ «ጥቁር» ብለን «ጥቋቁር» እንደምንል አስታውሱ። እኛም በመጠኑ እንደጋግማለን። ታላቅን ሰው «ባፓክ»፣ አጠር ሲል «ፓክ» ይሉታል፤ አባት ማለት ነው። እኛ ያልወለደንን ሰው «አባባ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ከዐረብኛ ወደ ሁለታችንም የገቡ ቃላት ደግሞ አሉ። የጥንቱ ክርታሳችን እዚያ «ከርታስ» ነው፤ ወረቀት። ዱንያም «ዱኒያ» ነው። የእኛ ሐቅ እዚያ «ሃክ» ይባላል፤ መብት ማለት ነው። «ሃኪም» ግን ዳኛ ነው። ስለዚህ ጃካርታ ላይ ራሱን የታመመ አበሻ ሐኪም ፈልጎ ቢጠይቅ ፍርድ ቤት ሊያደርሱት ይችላሉ።

እኔ በጣም የወደድኩት ቃል «በሉም» ነው። «ገና» ማለት ነው። አንድን ሰው አግብተሃል ወይ ብትሉት፣ ያላገባ ከሆነ «አላገባሁም» ሳይሆን «በሉም» ይላል። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለሁትና በየለቅሶውና በየሠርጉ ለምጠየቀው ለእኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የቋንቋው ታሪክም የሚገርም ነው። ኢንዶኔዥያ ከ17,000 በላይ ደሴቶችና ከ700 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1928 ገና በቅኝ ግዛት ሥር ሳሉ ወጣቶቿ ተሰብስበው አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖራቸው ቃል ሲገቡ፣ የመረጡት በቁጥር የሚበልጠውን የጃቫዎችን ቋንቋ ሳይሆን ነጋዴ በየወደቡ ሲግባባበት የኖረውን ማላይኛ ነው። «ኢንዶኔዥያኛ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ የጠቅላላ ጉባኤው ይፋዊ ቋንቋዎች ውስጥ አስገብቶታል። የጋሼ ወዳጅም አፉን የፈታው በጃቫኛ ነው፤ ኢንዶኔዥያኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ታጋሽ አስተማሪ የሆነላቸው ለዚህ ይመስላቸዋል፤ ቋንቋ መማር ምን እንደሆነ ያውቃልና።

ጋሼ «ጡረተኛ» መባልን አይወዱትም። ቃሉ ከመጦር የመጣ ነው፤ ሌላው የሚጦረው ሰው ማለት ነው። መጦር በአገራችን ክብር ቢሆንም ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲጠብቅ ለኖረ ወታደር ይከብዳል። ወዳጃቸው ግን ጡረታ መውጣታቸውን ሲሰማ «እንግዲህ ፑርናዊራዋን ሆኑ» አላቸው። ጡረታ የወጣ መኮንን የሚጠራበት ቃል ነው። «ፑርና» ሙሉ፣ የተፈጸመ ማለት ሲሆን «ዊራዋን» ጀግና ነው። ግዳጁን የፈጸመ ጀግና እንደ ማለት። ጋሼ ይህን ቃል ሲያስረዱኝ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው ነበር።

በሙያዬ የሚጠየቀው «ገበያው የት ነው?» ነው። ወላጆችም ለልጆቻቸው ቋንቋ ሲመርጡ ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀልድ አይደለም። ሆኖም ጋሼ ኢንዶኔዥያኛ በማወቃቸው አንድ ብር አላገኙም። ያገኙት ከሚስታቸው ጋር የሚያወሩበት ነገር ነው። ይህን ዋጋ የሚተምን የገበያ ጥናት ሠርቼ አላውቅም።

እንደ ጋሼ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ በከተማችን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ አያቶች ነበሩን። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ሠልጥነው ሩሲያኛ የሚናገሩ አባቶች፣ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው በስፓኒሽ የተማሩ አጎቶችና አክስቶች አሉን። ቤይሩትና ሪያድ ሠርተው ዐረብኛ ይዘው የተመለሱ እህቶችም አሉን። ብዙዎቹ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «ደህና ነበር» ብለው ያልፋሉ።

ዛሬ ማታ ስለዚያ አገር አትጠይቋቸው። ቡና አፍሉና አንድ ቃል አስተምሩን በሏቸው፤ የሚወዱትን አንድ ቃል፣ ከዚያም ያስተማራቸውን ሰው። ወዲያው ላይመልሱላችሁ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ የጃቫውን መኮንን መልስ አስታውሱ፦ «በሉም»። ገና ነው እንጂ አይሆንም ማለት አይደለም።