ማብሪያው የት ገባ?

በልጅነቴ ቤት ሙዚቃ የሚወጣበት ዕቃ የክብር ቦታ ነበረው። ሳሎን ስትገቡ ፊት ለፊት፣ ቡፌው ላይ፣ እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ራዲዮ ነበር። እንግዳ መጥቶ ሳያየው እንዳይሄድ ወንበሩ ሁሉ ወደ እሱ ዞሮ ነው የሚደረደረው። ዛሬ በምኖርበት አፓርታማ ግን የዕቃ ሁሉ ትልቁ ሙያ አለመታየት ሆኗል። ስፒከሮቹ ጂፕሰም ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው ወንፊት መሳይ ክዳናቸው ነጭ ተቀብቷል። የመብራት ማብሪያውም ከግድግዳ ወርዶ ስልኬ ውስጥ ገብቷል። ብር ከፍለን የገዛነውን ዕቃ ብር ጨምረን እንደብቃለን። እናቴ ይህን ብታይ ዕቃው የተሰረቀ ነው ብላ ትጠረጥረኝ ነበር።

ሻጮቹ ሲያወሩ ይህ ድብብቆሽ ከሀብታም ቪላ የወረደ ወግ ያስመስሉታል። ታሪኩ ሲመረመር ግን የቆጣቢዎች ሥራ ነው።

ከማደብዘዣው እንጀምር፤ ዛሬ ዲመር ከምንለው። ድሮም ነበር፣ ግን የቲያትር ቤት ዕቃ ነበር። የተለመደው ዓይነት ትርፉን ኃይል በሙቀት መልክ ስለሚያቃጥለው፣ መብራቱ ሲደበዝዝም ለማታዩት ብርሃን ትከፍላላችሁ። በዚያ ላይ ግዙፍ ነው፤ ይግላል። እ.ኤ.አ. በ1959 ጆኤል ስፓይራ የተባለ የፊዚክስ ሰው በኒው ዮርክ አፓርታማው ትርፍ መኝታ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መላ አገኘ። ኃይሉን ከማቃጠል ይልቅ ታይሪስተር በሚባል ትንሽ መሣሪያ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እየቆረጠ ይቀጥለዋል። ዓይናችን መቆራረጡን አያይም፤ መደብዘዙን ብቻ ያያል። ሙቀቱ ሲቀር ዕቃው ተራ የማብሪያ ሳጥን ውስጥ ለመግባት በቃ። ሰውየው በ1961 ሉትሮን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መብራት መቆጣጠሪያ ግድግዳ ውስጥ የተሸሸገው እንግዲህ አፍሮ አይደለም፤ ብክነቱ ስለቀረ አነሰ፣ ስላነሰም ገባ።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ሙዚቃንና መብራትን ያጋባል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግሌንሮዝስ በምትባል ከተማ፣ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ድርጅት ለካልኩሌተር የሚሆኑ ቺፖች ይሠራ ነበር። ዘጠነኛው ፕሮጀክቱ ከሩቅ የሚታዘዝ ሸክላ ማጫወቻ ሆነ። ሸክላን ከሶፋ ሳይነሱ ማዘዝ ከተቻለ መብራትንስ? አሥረኛው ፕሮጀክት ከዚህ ጥያቄ ተወለደ፤ ኤክስ ቴን የሚለው ስሙም ከተራ ቁጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ተጀምሮ በ1978 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። ብልሃቱ አዲስ ሽቦ አለመዘርጋት ነበር፤ ትእዛዙ በዚያው በመብራቱ ሽቦ ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል። ለየቤቱ መለያ አሥራ ስድስት ፊደል፣ ለየዕቃው አሥራ ስድስት ቁጥር ተመደበ። ችግሩ ሽቦው ቆጣሪ ላይ አለማቆሙ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ጎረቤቶች አንድ ፊደል ከመረጡ አንዱ የሌላውን ሳሎን ሊያበራ ይችላል። የእኛ ኮንዶሚኒየም ቢሆን ጉዳዩ ከሁለተኛው ቡና በፊት ኮሚቴ ይደርስ ነበር።

የእኔም ድብብቆሽ ከቆጣቢዎቹ ወገን ነው። ቱቦ ለመቅበር ብሎኬት ማስፈልፈል ዋጋውም፣ አቧራውም፣ የታችኛው ጎረቤት ፊትም የሚቻል ስላልሆነ ገመድ አልባውን መረጥኩ። ኤሌክትሪሺያኑ የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ሳጥን ፈትቶ በባትሪው አየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ኑትራል የለም፤ ፌዝ ብቻ ነው የወረደው» አለኝ። ተራ ማብሪያ ሥራው ፌዙን፣ ኃይል ይዞ የሚመጣውን ሽቦ፣ መቁረጥና መቀጠል ብቻ ስለሆነ ኑትራል፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ አያስፈልገውም። በስልክ የሚታዘዘው ስማርት ማብሪያ ግን መብራቱ ጠፍቶም ቢሆን ትእዛዝ እየጠበቀ ነቅቶ ያድራል፤ ለመንቃት ደግሞ እሱ ራሱ መብራት ይበላል። ሳሎኑ ኑትራል ስለነበረው በስማርት ማብሪያ ተሠራ፣ መኝታ ቤቶቹ በስማርት አምፖል።

አምፖሎቹ ለአገራችን አልተፈጠሩም። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሙሉ ኃይላቸው እንዲበሩ ተደርገው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መብራት ከመጣ ቤቱ በሙሉ ሠርግ ይሆናል። ይህን ከስልኩ ላይ መቀየር የሚቻልባቸው አሉ፤ ስትገዙ ጠይቁ።

ከሁሉ የከበደው ግን የአክስቴ ነገር ነው። ልትጠይቀን መጥታ ሌሊት ተነሥታ ግድግዳውን ስትዳብስ ቆይታ፣ «አንተ ልጅ፣ ማብሪያውን ወዴት አባቱ ነው የደበቅከው?» ብላ ቤቱን ቀሰቀሰችው። በስልክ ነው የሚበራው አልኳት። «ስልኬንስ በምን ብርሃን ላግኘው?» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ሻጩም ያለው አይመስለኝም።

ቤት የምታሠሩና የምታድሱ ሁሉ፣ ግድግዳው ሳይለሰን ሁለት ነገር እዘዙ። በየማብሪያው ሳጥን ኑትራል ይውረድ፤ በየበሩ አጠገብም አንድ ተራ ማብሪያ ይቀመጥ። ስማርቱን በፈለጋችሁ ጊዜ ታስገቡታላችሁ፤ ከልስን በኋላ ኑትራል ማስገባት ግን ግድግዳ ማፍረስ ነው።