ለጎጆ ወይስ ለእርማት?

መቼም የዘመኑ መሣሪያ የሚያዋርደን ዘመድ የተሰበሰበ ዕለት ነው። ቴሌቪዥኑ ዓመቱን ሙሉ ሲለፈልፍ ከርሞ ለዋዜማ ድምፁ ይጠፋል፤ ፍሪጁ ሥጋ የገባበት ቀን ይሞቃል፤ ስልኩም ደጅ ላይ ሆነን ስንደውል ባትሪው ያልቃል። እነዚህን ሁሉ ስቄ አሳልፌያቸዋለሁ። ያላሳቀኝ በአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ዋዜማ የገጠመኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ አንበሳሜን ያገኛታል፤ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አባቴ እዚያ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በረንዳ ማዶ አንዲት ጠረጴዛና አንድ ወንበር ይዞ የሰው አቤቱታ እየጻፈ አሳደገን። ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ጾመ ድጓውን ዘልቆ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ ገልብጦ፣ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዷል። ግን አስመስክሮ መምህር አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ እኛ ልጆቹ የምናውቀው ከእናቴ አፍ ብቻ ነበር። «እኔን ብለው ነው ትምህርቱን የተዉ» ትላለች፤ ስትናገረውም መቀነቷን ታስተካክላለች።

በ1997 ዓ.ም. አባቴ ታሪኩን ሊያጽፍ ደብረ ታቦር ሄደ። የእጅ ጽሕፈቱ የተመሰገነ ሰው ስለምን ኮምፒውተር አማረው ቢሉ፣ አንደኛ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ሁለተኛ ደግሞ በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ እየተናቀ መምጣቱን ከማንም በፊት ያየ እሱ ነበር። «በመኪና የተጻፈ ይከበራል» ይል ነበር። ከአንዲት የኮምፒውተር ጸሐፊ አጠገብ ሁለት ቀን ተቀምጦ ከአፉ አጻፈ። አንድ ኅትመትና አንድ ፍሎፒ ዲስክ ይዞ ተመለሰ። ኅትመቱን ጣሪያ ባፈሰሰበት ክረምት ሣጥኑ ውስጥ ውኃ ገብቶ አበላሸው። ፍሎፒውን እኔ ተማሪ ሳለሁ ወደ ሲዲ፣ ቆይቼም ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። ገለበጥኩት እንጂ አልከፈትኩትም። አባቴ በሕይወት አለ፤ የሚጠየቀው ሰውዬው እያለ ፋይሉን ማን ይጠይቃል? በ2009 ዓ.ም. ዐረፈ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለሰባት ዓመቱ ስንሰበሰብ እናቴ «የአባትህን ቃል ለካህናቱና ለዘመዱ አንብብልኝ» አለችኝ። «ምን ችግር አለ፣ እማዬ» አልኳት። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ። ፋይሉ ምንም ሳያንገራግር ተከፈተ። ከውስጡ የወጣው ግን አማርኛ አልነበረም፤ ቆብ የደፋ፣ ነጥብ የተሸከመ፣ ጅራት ያበቀለ የፈረንጅ ፊደል፣ በመካከሉም የገንዘብ ምልክትና የጥያቄ ምልክት ተሰግስጎበት አራት ገጽ ሙሉ ተደረደረ። እናቴ ከትከሻዬ በላይ ተመለከተችና «አባትህ እንግሊዝኛ ያውቁ ነበር እንዴ?» አለች።

ይህ ጣጣ የእኔ ብቻ አይደለምና ምንጩን ላስረዳ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በድሮው አሠራር ለአንድ የፊደል ገበታ 256 ቁጥር ብቻ ይመደብ ነበር፤ ከዚያም ላይ ገሚሱ አስቀድሞ ለላቲን ፊደልና ለማሽኑ ትእዛዝ ተይዟል። የእኛ ገበታ ደግሞ 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላው፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመር በዚያች ቦታ አይበቃውም። በጽሕፈት መኪናም ዘመን ችግሩ ይኸው ነበር፤ ቁልፍ ስላነሰ ፊደሉ ቅጥያ እየተለጠፈለት ይሠራ ነበር። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ እንደ ዶክተር አበራ ሞላና እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ደከሙ፤ ኋላም በ1990ዎቹ ብዙዎች ተከተሉ። ሁሉም የተቻለውን አደረገ። ታዲያ አንዱ «ሀ»ን በአንድ ቁጥር ሲያስቀምጥ ሌላው በሌላ ቁጥር አስቀመጠ፤ አንዱ ገበታውን ለሁለት ፎንት ሲከፍል ሌላው አንዱን ፊደል በሁለት ምልክት ገጣጠመ። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፎንት አብሮ የመጣው ደግሞ በ2007 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከልና ከዚያም በኋላ ያገሬ የኮምፒውተር ጸሐፊ በለመደው ፎንት መጻፉን ቀጠለ። የአባቴም ቃል በዚያ ጊዜ የተጻፈ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የተጻፈበትን ፎንት ፈልጎ መጫን። ግን ከየት ይምጣ? በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተቋረጠ ዘጠኝ ወር አልፎታል። መብራትም ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ትንሽ ይሠራና ያንቀላፋል። ስለዚህ ባትሪው ሳያልቅ አንድ ነገር አደረግሁ። ደብተር አወጣሁና ያንን ዝብርቅርቅ ምልክት አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት። የማላውቀውን ቋንቋ እንደሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ፣ ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ተኩል እንደጨረስኩ ማሽኑ ጠፋ።

ማታ በኩራዝ ብርሃን ደብተሩ ላይ አፍጥጬ ሳለሁ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ለዕቃ ግዢ ወረቀት እንኳ ሳይቀር ጽሑፉን የሚጀምረው በአንድ ነገር ነው፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።» የመጀመሪያዋን መስመር አየሁ። ሦስተኛው ቃል በሁለት ተመሳሳይ ምልክት ይጀምራል፤ «ወወልድ» ማለት ነው! እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያች መስመር 17 ፊደል አገኘሁ። ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀበሌ ስለማውቅ ሌሎችም ተጨመሩ። የቀረውን እናቴ ሞላችው። እኔ «‹ቆ› የሚመስል፣ ከዚያ የማላውቀው» ስላት እሷ «ቆሎ ነዋ፣ ልጄ፤ ሌላ ምን ይበሉ ነበር?» ትለኛለች። ሌሊቱን እንዲህ ስንፈታ አነጋን። ከሰባት ዓመት በኋላ አባቴን ቤት ውስጥ ያገኘሁት ያን ሌሊት ነው።

ቤተልሔም የደረሰበት አንቀጽ ግን አስቸገረን። ሁለት መስመር ጨርሶ አልፈታ አለ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለችው እንዲህ ሆነች፦ «ለ— የሚሆን ጥሪት ልቋጥር ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።» መካከሉ የሚነበብ አልሆነም፤ አንዳንዱ ፊደል በአንድ፣ አንዳንዱ በሁለት ምልክት ስለተሠራ ስንት ፊደል እንደሆነ እንኳ መለየት አልቻልኩም። እናቴ ግን አላመነታችም። «ለጎጆ ነው የሚሉት» አለች። ጻፍኩት። በማግስቱ ካህናቱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ አነበብኩ፤ «ለጎጆ የሚሆን ጥሪት ልቋጥር ብዬ ወጣሁ» ስል እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ዘመዱም «ይበል፣ ይበል» አለ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ከአንድ የቆየ የጽሕፈት ቤት ጥግ፣ አቧራ ከለበሰ ኮምፒውተር ውስጥ ያንን ፎንት አገኘሁት። ተጫነ። አንድ ሌሊት የፈጀብን ጽሑፍ በዓይን ጥቅሻ ፊደል ሆኖ ቆመ። በቀጥታ ወደዚያች አንቀጽ ወረድኩ።

አባቴ እንዲህ ይላል፤ ቤተልሔም ሲደርስ ድጓው ከዚያ ካለው ጋር ተመሳከረ። የመጀመሪያ መምህሩ ያስገለበጡት ምልክት በብዙ ቦታ ከቤተልሔሙ ጋር አልገጠመም። ንባቡ ልክ ነው፤ ከንባቡ በላይ ያለው የዜማ ምልክት ግን ሌላ ነው። ብዙ ቅጠል ተፍቆ እንደገና መጻፍ ነበረበት። «ለእርማት የሚሆን ጥሪት ልቋጥር ብዬ ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።»

ለጎጆ ሳይሆን ለእርማት። ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ቤተልሔም ስለምን እንዳለች ያን ጊዜ ገባኝ። የዜማውን ምልክት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት ይነገራል። ምልክት ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ ይስታል፤ እያንዳንዱ መምህር በየደብሩ የራሱን ቢያስተምር ከመቶ ዓመት በኋላ የአንዱን ድጓ ሌላው ሊያዜመው አይችልም። ስለዚህ አባቶች አንድ ቦታ መረጡ፤ የትም ተማር፣ እዚህ መጥተህ አስተያይ አሉ። ፎንት ሠሪዎቻችን ያጡት ይህንን ነው፤ ዕውቀት አላነሳቸውም፤ ማስመስከሪያ ግን አልነበራቸውም። አባቴ ባንዱ ምክንያት ትምህርቱን አጣ፤ በሌላው ምክንያት ቃሉ ለጥቂት ሊጠፋ ነበር። የመጀመሪያው ሕግ ጨክኖበታል፤ ያለዚያ ጭካኔ ግን ዜማው እኛ ዘንድ አይደርስም ነበር። የትኛው እንደሚከብድ ለመፍረድ እኔ ልጁ ነኝና አልችልም።

የቀረው ጉዳይ እናቴ ነበረች። ልንገራት ወይስ ልተወው? ተሳስቼ ያነበብኩት አስደስቷታል፤ ደግሞም አባቴ «ለማንም አልነገርኩም» ያለውን ምሥጢር የማውጣት ሥልጣን ማን ሰጠኝ? በሌላ በኩል ሰውየው ሁለት ቀን ተቀምጦ ያጻፈው ሊነበብ ነው። ሦስት ሳምንት ካመነታሁ በኋላ ደወልኩ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው አነበብኩላት። ዝም አለች። ስልኩ ጠፋ ብዬ «እማዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ድጓው ይኸው ከነማኅደሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጥሪቱንም ቋጥረው ነበር፤ እኔ ነኝ የማውቅ፤ ይህ ቤት የተሠራ በሱ ነው። ታዲያ ቤተልሔም ሩቅ ነበር? አርመው ሳይመለሱ የቀሩት ስለማን ብለው ነው?»

መልስ አላገኘሁም። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ለውጬ፣ እንደገና አንብቤ፣ በሦስት ቅጂ አሳተምኩት። አንዱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከድጓው ጎን እንዲሰቀል ላክሁላት። አንባቢ ሆይ፤ አንተም መሳቢያህ ውስጥ ገልብጠህ ያስቀመጥከው፣ ነገር ግን ከፍተህ ያላየኸው ፍላሽ አይጠፋም። የሚጠየቀው ሰው በሕይወት ሳለ ዛሬ ክፈተው።