ስለ አንድ የወይራ ዛፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ አገራችን ወደ አምበር ስንሄድ ዓባይን መሻገር ግድ ነው። በሸለቆው ውስጥ ግራርና አባሎ፥ ወደ ደጋው ስንወጣ ደግሞ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ጽድና ወይራ እናያለን፤ በመካከል ያለው አገር ግን አብዛኛው እርሻና ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ያየ መንገደኛ «ሰማዩ ጨከነብን» ይላል። እኛም እንዲሁ እንል ነበር።

በእርግጥ ሰማዩ አልተለወጠም ማለት አይቻልም። ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት የምድር ሙቀት ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሏል። ሙቀት ሲጨምር የአፈሩ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ሥሩ ገና ያልጠለቀ ቡቃያም ከሁሉ በፊት ይሞታል። ስለዚህ ትልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ደኑ ተተኪ ያጣል።

ነገር ግን ሰማዩን የቀደመ እጅ አለ፤ እርሱም የእኛ ነው። በአባታችን እርሻ ዳር አንድ ወይራ ነበር። ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ በያዝን ጊዜ አባታችን ምክር ቢጠይቁን፥ ወይራው ተቈርጦ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቢተከል ገንዘብ ፈጥኖ እንደሚገኝ አስረዳናቸው። የተማረ ልጃቸው ስለ ተናገረ እሺ አሉ። ገንዘቡ ተገኘ፤ በሚያዝያ ቀትር በሬዎቹ የሚያርፉበት ጥላ ግን ጠፋ።

ኋላ ተጸጽተን በገላጣው ሜዳ የወይራ ችግኝ ሁለት ጊዜ ተከልን፤ ሁለቱም በጋውን ሳይጨርሱ ደረቁ። በሦስተኛው ጊዜ አባታችን «ልጄ፥ ሕፃን ያለ ሞግዚት ያድጋልን?» ብለው ችግኙን ከአጋም ቍጥቋጦ ሥር አስተከሉን። አጋሙ ከፀሐይ ጋረደው፤ እሾሁም ከከብት ጠበቀው። ዛሬ ከጕልበታችን በልጧል። አባታችን በጥላው ለማረፍ እንደማይደርሱ ያውቃሉ፤ ቢሆንም በየማለዳው ሄደው ያዩታል።

የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም ቡቃያ የሚተርፈው ከብት በማይገባበት ደን መሆኑን አሳይተዋል፤ በዚያ አገር ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ደናቸውን በካብ ያጠሩበት ቦታ አለ።

በሐምሌ ወር 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። መትከል መልካም ነው። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ሥራችንን የምንቈጥረው ችግኙን ባስገባንበት ሐምሌ ሳይሆን በጋውን አልፎ ባገኘንበት ሰኔ ይሁን።