ከመስኮቱ ማዶ

የሰው ልጅ ከአገሩ ሲወጣ አስቀድሞ የሚያየው ተራራውንና ከተማውን ነው፤ እየቈየ ሲሄድ ግን ራሱን ማየት ይጀምራል። አንዳንዱ ይህን ለመማር እስከ ሩቅ ባሕር ማዶ ይሻገራል። እኔ ግን የተማርሁት በአንድ የጥር ወር፥ አንድ የጀርባ ሻንጣ ተሸክሜ፥ በጎረቤታችን በኬንያ አገር ነው።

በዚያን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል ሥራ ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበረ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ የተቀጠርሁበት ሥራ ነው። ባለጉዳይ ወረቀቱን በመስኮቱ በኩል ያቀርባል፤ እኔም ቁጥሩን አይቼ መዝገቡን አወጣለሁ። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደ ሆነ «ነገ ይመለሱ» እላለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አልነበረም፤ ነገር ግን ይህ ቃል እኔን አንድ እስትንፋስ ብቻ የሚያስወጣኝ ሲሆን፥ ለሚሰማው ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ አስቤው አላውቅም ነበር። ለጉዞ ከመነሣቴ ከጥቂት ቀን በፊት እንኳ ከገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ በወረቀታቸው ላይ ያለው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ቢል፥ ቀና ሳልል ይህንኑ ቃል ነግሬ አሰናብቻቸዋለሁ። በማግሥቱም አልመጡም።

የጉዞ ባለንጀራዬ በትምህርት ቤት በአንድ ወንበር አብረን የተቀመጥን፥ ኋላም የታሪክና የጂኦግራፊ መምህር የሆነ ሰው ነው። የምድርን ወገብ ለተማሪዎቹ በካርታ ላይ ሲያሳይ ዓመታት ቢያልፉም እርሱ ራሱ ረግጦት አያውቅም ነበርና፥ አንድ ቀን «ሳልረግጠው ልሙት እንዴ?» አለኝ። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም ነበር። ስለዚህ የእርሱን የመንፈቅ ዕረፍትና የእኔን የዓመት ፈቃድ አስማምተን ተነሣን። ገንዘባችን ለሁለታችን 320 ዶላር ብቻ ነበረ። በአንድ ቦርሳ አደረግነውና «አንተ የጽሕፈት ቤት ሰው ነህ» ብሎ ቦርሳውን ለእኔ ሰጠኝ። ስንቃችንም በሶና ዳቦ ቆሎ ነበረ።

ሞያሌ ስሟ አንድ ሆኖ ሁለት መንግሥት የሚያስተዳድራት ከተማ ናት። ቦረናው በወዲህም በወዲያም በአንድ ቋንቋ ይነጋገራል፤ ድንበሩን እንደ ተሻገርን ግን መኪናው ሁሉ በመንገዱ ግራ መሄድ ጀመረ። መንገድ ለመሻገር ወደ የትኛው ጎን ማየት እንዳለብን እንኳ እንደ ሕፃን አዲስ መማር ነበረብን። ገንዘባችንን በአንድ ዶላር መቶ ሽልንግ ያህል ሒሳብ መንዝረን፥ በማለዳ በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ተጓዝን። ቀድሞ በኮረኮንቹ መኪና የሚሰብረው ያ ረዥም መንገድ በቅርብ ጊዜ አስፋልት ለብሶ ስለ ነበረ በረሃውን በሰላም አቋረጥነው።

ማርሳቢት ላይ ለሻይ በወረድን ጊዜ አንድ ነገር አስደሰተን። ሻይ ሻጩን ሰዓት ብንጠይቀው በስዋሂሊ «ሳአ ንኔ» አለን፤ ይኸውም አራት ሰዓት ማለት ነው። ባለንጀራዬ የእጅ ሰዓቱን ቢያይ እርሱም አራት ሰዓት ይላል። የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት፥ ሌሊቱን ከምሽት ይቈጥራል! «ሳአ» የተባለው ቃልም ከዐረብኛ የመጣ፥ ለእኛ «ሰዓት» ዘመድ የሆነ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአገሩን ልማድ ያወቅሁት መሰለኝ። የኋላው ጥፋቴም ከዚህ ደስታ የተወለደ ነው።

ናንዩኪ በደረስን ጊዜ ባለንጀራዬ የምድር ወገብ ምልክት ከቆመበት ስፍራ ወርዶ፥ አንድ እግሩን በሰሜን አንድ እግሩን በደቡብ አድርጎ ቆመ። ምንም ቃል አልተናገረም፤ ዐይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበረ። ናይሮቢም ገብተን፥ የአገራችን ሰዎች በብዛት በሚገኙበት በኢስትሊ ሰፈር ርካሽ ማደሪያ ያዝን። ምግባችን አብዛኛውን ጊዜ ኡጋሊ ነበረ፤ ይህም ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ፥ እንደ ጠንካራ ገንፎ ያለ ነው። ማባያው ጎመን ሲሆን ስሙ «ሱኩማ ዊኪ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ሳምንቱን ግፋው» እንደ ማለት ነው። ደመወዝ ያለቀበት ሰው ሳምንቱን የሚገፋበት ምግብ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። እኛም «ጎመን በጤና» እያልን ገፋንበት።

ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ የወሰደን በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ነበረ። በጻቮ ሜዳ ሲያልፍ ቀይ ዐፈር የለበሱ ዝሆኖች በመስኮት አየን። በሞምባሳም ፖርቱጋሎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1593 መሥራት የጀመሩትን የኢየሱስ ምሽግ ጐበኘን። ባለንጀራዬም ከቅጥሩ ሥር ቆሞ፥ በ1498 በዚህች ወደብ ያለፈው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎ፥ ዐፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ አገራችን መጥቶ በ1542 በዚያው መሞቱን በክፍል ውስጥ እንዳለ ሆኖ ተረከልኝ።

ለመመለሻ የባቡሩ ትኬት አልቆ ስለ ነበረ ለናይሮቢ የአውቶቡስ ትኬት በነፍስ ወከፍ በአንድ ሺህ ሽልንግ ገዛን። የመነሻው ሰዓት በእጅ ጽሕፈት «7.30» ተብሎ ተጽፎአል። ባለንጀራዬ «ደግመን እንጠይቅ እንዴ?» አለኝ። እኔም ሣቅ ብዬ «ወረቀት ማንበብ የእኔ ሥራ ነው፤ የእነዚህም ሰዎች ሰዓት እንደ እኛው መሆኑን በማርሳቢት አይተናል» አልሁት። ሰው ሲናገር በአገሩ ልማድ፥ ሲጽፍ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም።

በማግሥቱ ጧቱን በባሕሩ ዳር ስንዘዋወር ቈይተን፥ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከአውቶቡሱ መነሻ ደረስን። አውቶቡሱ ግን ማለዳ በአንድ ሰዓት ተኩል ሄዶአል። በቦርሳችን ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ለሚወስደን አውቶቡስ እንዳይነካ የተማማልንበት አምስት ሺህ ሽልንግ፥ ለምግብም አንድ ሺህ አንድ መቶ ቀርቶ ነበረ። ሌላ ትኬት ብንገዛ ናይሮቢ ላይ መቅረታችን ነው። ያን ጊዜ ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ወደ ባለንጀራዬ ዞሬ «አንተ በባሕሩ ዳር ይህን ያህል ባታስቈየን ኖሮ!» አልሁት። እርሱ ትኬቱን ከእጄ ተቀብሎ ጥቂት ተመለከተውና «ይህ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ እኔም ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። መጠየቅ እንደሚሻልስ ነግሮኝ አልነበረምን?

ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ቀርቤ ነገሩን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አስረዳሁ። በውስጥ የተቀመጠው ወጣት ቀና አላለም። ትኬቱን በሁለት ጣቱ መለሰልኝና ነገ ተመለሱ የሚል ቃል ተናገረ። ድምፁ ውስጥ ቍጣ አልነበረበትም፤ ደካማና ልማደኛ ድምፅ ነበረ። እኔም ድምፁን ዐወቅሁት፤ የራሴ ድምፅ ነበረና። ያን ጊዜ እኚያ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ነገ እስኪሆን ድረስ የት ያድራሉ? ምን ይበላሉ? ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ከግድግዳው ሥር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ሲመለከቱን ቈይተው ተነሡና «ፖሌ» አሉን፤ እንደ እኛ «አይዟችሁ» ማለት ነው። ወዲያው ትኬታችንን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። በስዋሂሊ ምን እንዳሉት አልሰማንም፤ እጃቸውን ግን አንድ ጊዜ ወደ እኛ፥ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ያነሡ ነበር። ወጣቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። ከዚያም በነፍስ ወከፍ ሁለት መቶ ሽልንግ ጨምረን ከምሽቱ በሦስት ሰዓት በሚነሣው አውቶቡስ እንድንሄድ ፈቀደልን። ክፉ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ቀና አላለም ነበር እንጂ። ለእማማ የሻያቸውን ዋጋ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ።

ሌሊቱን በአውቶቡሱ ውስጥ ባለንጀራዬን ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም «ቦርሳውን ለአንተ የሰጠሁህ ሒሳብ ስለምታውቅ አልነበረም። ገንዘብ ቢጠፋ ከአንተ ጋር አልጣላም ብዬ ነው» አለኝና ጋቢውን ለሁለታችን ዘርግቶ ተኛ።

ወደ ሥራዬ በተመለስሁ ቀን አስቀድሜ የእኚያን ሽማግሌ መዝገብ በቁጥሩ ሳይሆን በስማቸው ፈለግሁ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተገኘ። በወረቀታቸው ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው ኖሮአል፤ ጥፋቱ ወረቀቱን የጻፈው የእኛው መሥሪያ ቤት ነበረ። መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጌ፥ በመጡ ጊዜ ሳይቆሙ እንዲስተናገዱ ከጠረጴዛዬ አጠገብ አኖርሁት።

እንደ እኔ በመስኮት ውስጥ የምትቀመጡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሰው ከየትም ይምጣ ለጊዜው በባዕድ አገር ያለ መንገደኛ ነው። ሰዓታችንን አያውቅም፤ ጽሕፈታችንን አይለይም፤ የማይነካ ገንዘብም በጉያው ይዞአል። ቀና ብሎ ለማየት ደግሞ በጀትም መመሪያም አያስፈልግም።

እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወንበሬ ተነሥቼ መጠየቅ ለምጃለሁ። እኚያ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም።